አክስቴና «ቀሪ» የምትባለው ቃል

በመሥሪያ ቤቷ አክስቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። «አራት ነጥብ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ድሮ የነበረ አንድ የሕግ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሊያበሽቃት ፈልጎ ነበር አሉ፣ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር ካየች፣ በሩ ሳይዘጋ የተተወ ቤት ያየች ይመስል፣ ተነስታ ካልዘጋችው አታርፍም። እኔ ልጅ ሆኜ ለጓደኛዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ እንኳን በቀይ እስክሪብቶ አርማ መልሳልኛለች። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

በንግድ ጽሕፈት ቤቱ የሕግ ክፍል ጸሐፊ ሆና ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። በታይፕ ጀምራ ኮምፒውተር ላይ ደረሰች። አባቴ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ትምህርት አልገባ ሲለው አናጢ ዘንድ እጁን ይዛ ወስዳ ሥራ ያስለመደችውም እሷ ናት። ዛሬ አባቴ አሥራ አራት ሠራተኞች ያሉት የወንበር መሥሪያ አለው፣ የሰው አለቃ ነው፤ «እትዬ» ብሎ ሲጠራት ግን ድምፁ አሁንም የዚያ ልጅ ድምፅ ይሆናል። እኔ የበኩር ልጁ ነኝ። ከእንጨቱ ጋር አልተዋደድንም፣ ስለዚህ የወርክሾፑን ወረቀት የምይዘው እኔ ነኝ።

አክስቴ የምትኮራበት ሁለት ነገር ነበራት። አንደኛው፣ የጻፈችው ወረቀት ለእርማት ተመልሶባት አያውቅም። ሁለተኛው አማርኛዋ ነው። የሕግ ባለሙያዎቹ ረቂቃቸውን በእጃቸው ሞነጫጭረው ይሰጧታል፣ እሷ ስትገለብጠው እግረ መንገዷን ታሳምረዋለች። የተንዛዛውን ታሳጥራለች፣ የመንገድ ላይ ወሬ የሚመስለውን ወግ ታስይዘዋለች። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ የከለከላትም የለም። እንዲያውም «ለአራት ነጥብ ስጧት፣ ሰው ታደርገዋለች» ይባባላሉ። እሷ ከጻፈችው በኋላ ማንም ደግሞ አያነበውም፤ ፈርመው ይሄዳሉ።

አንድ ሌላ ልማድ አላት። ማንኛውንም ወረቀት በሁለት ቅጂ ታወጣለች፤ አንዱ ወደ ባለጉዳዩ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ላይ «ቀሪ» የሚል ቀይ ማኅተም ትመታና ከነረቂቁ አያይዛ ማኅደር ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ወጣቶቹ ያሾፉባታል። «እትዬ፣ ሁሉም ውስጥ አለ እኮ» ይሏታል። እሷም «ውስጥ ያለ ነገር መብራት ሲጠፋ የት ይገባል?» ትላቸዋለች። ለአክስቴ ቀሪ ማለት የማይጠፋ፣ በእጅ ያለ፣ የሚታመን ነገር ማለት ነው።

ወደ ነገሩ ልግባ። እኛና አራት ጎረቤት አገሮች ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ገበያ ኖረናል፤ ኅብረቱ ነው የምንለው። በአንዱ አገር የተሰጠ ወረቀት በአምስቱም ያሠራል። አባቴ ለወንበሮቹ የያዘው የጥራት ምስክር ወረቀትም የኅብረቱ ቤተ ሙከራ የሰጠው ነው፤ ባጭሩ፣ ተማሪ ቢወዛወዝበት አይወድቅም፣ ቀለሙም አይመርዝም የሚል ነው። ከዚያ አገራችን ከኅብረቱ ለመውጣት ወሰነች። ለምን እንደወጣን እኔን አትጠይቁኝ፤ የሚያውቁት ሰዎች ካስረዱኝ በኋላ ነው ጭራሽ ግራ የገባኝ።

የመውጫው ቀን ሲቃረብ ሥራዬ ሁሉ ስልክ መደወል ሆነ። ትናንት የተፈረመ ውል ከነገ ወዲያ በየትኛው ሕግ ይዳኛል? መንገድ ላይ እያለ ቀኑ የተለወጠበት ዕቃ የአገር ነው ወይስ የውጭ? የምደውልለት ሁሉ ሌላ የምደውልለት ሰው ቁጥር ይሰጠኛል። አገራችን ልታቋቁመው ያሰበችው አዲስ ቤተ ሙከራ ሰሌዳው ተሰቅሏል፣ በሩ ግን አልተከፈተም። አንድ ቀን አንድ ሰው ስልኩን አነሳና «ገና ዕቃ እያስገባን ነው» አለኝ። ምን ዕቃ እንደሆነ ስጠይቀው ጠረጴዛ ነው አለኝ።

አባቴ ድንበር ማዶ ላሉ ትምህርት ቤቶች ሦስት መቶ ሃያ ወንበር ሊያስረክብ ተዋውሏል። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ካልደረሰ ውሉ ይፈርሳል። በዚያ ውል ተማምኖ ከአሥራ አራቱ ሠራተኞች ስድስቱን የቀጠረው በዚያው ዓመት ነበር፤ ከመካከላቸው ሁለቱ እናትና ልጅ ናቸው። ውሉ ፈረሰ ማለት እነዚህ ሰዎች ተበተኑ ማለት ነው። የምስክር ወረቀቱ ዘመን ግን ገና አሥራ አራት ወር ይቀረዋል፣ ስለዚህ አልሰጋንም። ከኅብረቱ በወጣን በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ጭነን ተነሳን። እኔ ከሹፌሩ አጠገብ ወረቀቱን ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

የድንበሩ በር ላይ የጉምሩክ ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ይሄ አያሳልፍም» አለኝ። «አዲስ መመሪያ ወጥቷል። አንቀጽ ዘጠኝን አንብቢው።»

አነበብኩት። «ከመውጫው ቀን በፊት የተሰጡ የምስክር ወረቀቶች ቀሪ ይሆናሉ» ይላል።

«ታዲያ ቀሪ ይሆናሉ ነው እኮ የሚለው» አልኩት። «ይቀራሉ፣ አይነኩም ማለት ነው።»

«ቀሪ ሆነ ማለት ተሻረ ማለት ነው፣ እህቴ። የሕግ ቋንቋ ነው። እኔ አልጻፍኩትም።»

ከኋላችን የቆመ አንድ ግዙፍ ሹፌር ጣልቃ ገባ። «ደረሰኝ ስትቆርጥ ጥራዙ ላይ የሚተርፈው ቀሪ አይደል የሚባለው? ቀሪማ ያለ ነው።»

«ኧረ የለም» አለ ሌላው፤ ድሮ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። «እኔ ስም ስጠራ ቀሪ ብዬ የምጽፈው ክፍል ውስጥ የሌለውን ነው።»

ክርክሩ ቀኑን ሙሉ ቀጠለ። አንዲት ቃል ያለም የሌለም ሆና አርባ መኪና አቆመች። ተቆጣጣሪው ትርጉም እንዲሰጠው ለበላዮቹ ጻፈ፣ መልስ አልመጣለትም። ቅዳሜ መኪናውን እዚያው ትቼ በሰው መኪና ተመለስኩ። ትምህርት ሊከፈት የቀረው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር።

እሑድ አክስቴ ምሳ እኛ ቤት ነው የምትበላው። ከመውጫው ቀን በፊት የነበረው የጥድፊያ ሳምንት አድክሟት ፈቃድ ወስዳ ቤቷ ሰንብታ ነበር፣ ምንም አልሰማችም። አባቴ ሳህኑን ወደ ጎን ገፍቶ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገራት። ሲጨርስ መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «ይቺን የጻፈ እጁ ይድረቅ» አለ። አባቴ ሰው ሲረግም ሰምቼው አላውቅም።

አክስቴ መነጽሯን አደረገች። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ነገ ቢሮ ይዤው ልሂድ» አለች። አባቴ ልትረዳው መስሎት አመሰገናት። እኔ ግን ፊቷ ክው ማለቱን አይቻለሁ፣ ልሸኛት ተከትያት ወጣሁ።

በሩ ላይ «እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ምኑን ነሽ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ረቂቁ "እንዳሉ ይቀራሉ" ነበር የሚለው። የመጨረሻዋ ቀን ናት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሦስት ሰው የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። "እንዳሉ ይቀራሉ" የሰፈር ወሬ መሰለኝ። ለመመሪያ ወግ የለውም አልኩና "ቀሪ ይሆናሉ" ብዬ ጻፍኩት።»

«አንቺ ግን ቀሪ ይሆናል ማለት ይሻራል ማለት እንደሆነ ታውቂ የለ?»

«መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ እንጂ። በዚያች ሰዓት ግን ማኅተሜ ፊት ለፊቴ ነው ያለው። ቀሪ ስል የታየኝ የኔው ቀሪ ነው።» «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው» አለች።

አሁን የምናገረውን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የሰው ታሪክ ስጽፍ የራሴን መደበቅ አይሆንልኝም። ዝም በይ አልኳት። ማንም አያውቅም፣ ሰው ሁሉ የሚሰድበው መመሪያውን የፈረመውን ኃላፊ ነው፣ ለጡረታሽ አምስት ወር ነው የቀረሽ፣ ስምሽን በገዛ እጅሽ አታበላሺ አልኳት። «ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?» ብዬ ተረትም ጨመርኩላት።

አክስቴ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። «ዝም አይነቅዝም» አለች። «ወንበር ግን ይነቅዛል።»

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ በመደዳ የቆሙ ማኅደሮች፣ በክር የታሰሩ፣ ጀርባቸው ላይ ዓመተ ምሕረት በቁም ጽሕፈት። መሰላል ላይ ሳትወጣ እጇን ሰድዳ አንዱን መዘዘች፣ ሁለት ወረቀት አወጣች። አንደኛው ረቂቁ ነው፣ በኃላፊው የእጅ ጽሕፈት፤ ሁለተኛው የእሷ ግልባጭ። ሁለቱን ይዛ የኃላፊውን በር አንኳኳች።

ኃላፊው አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ሦስት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተራ በተራ ይጮኻል። አክስቴ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠችለትና ጣቷን ቃሎቹ ላይ አሳረፈች። አነበበ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«አምስት ቀን ሙሉ ራሴን ስጠራጠር ነው የሰነበትኩት» አላት። «እንዲህ ብዬ ጽፌ ይሆናል እያልኩ። እግዜር ይስጥልኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት፣ ደስታው ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ። «እርስዎ ነዎት የለወጡት?»

«እኔ ነኝ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። መንገዱ ሁለት መሆኑን አስረዳን። ለቃሉ ትርጉም ይሰጥ ከተባለ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይሄዳል፣ ኮሚቴው የሚቀመጠው በወር አንዴ ነው። ያም ሆኖ ማዶ ያሉት «ከወጣችሁ በኋላ ሐሳብ ቀየራችሁ» ብለው ሊከራከሩን ይችላሉ። ማረሚያ ከወጣ ግን ዛሬውኑ ያልቃል፤ ማረሚያ አዲስ ሕግ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ የተባለው ይህ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቆሙትን መኪናዎች ሁሉ ያሳልፋል።

«እንግዲያው ማረሚያ ይውጣ» አለች አክስቴ።

«ማረሚያ ስሕተቱ እንዴት እንደገባ መግለጽ አለበት።» ኃላፊው እስክሪብቶውን አዟዟረ። «የኅትመት ስሕተት ነው እንበል። ማሽን አይከፋውም፣ እርስዎም በሰላም ጡረታዎን ይወጣሉ።»

ሰውየው ደግ ነው፣ ልቤ ወደደው። በሆዴ «እሺ በይው፣ እሺ በይው» እላለሁ።

«ማሽን ፊደል ይገድፋል እንጂ አማርኛ አያሳምርም» አለችው። «ሁለት ቃል አውጥቶ ሌላ ሁለት ቃል የሚያስገባ ማሽን አለን ብንል ማዶ ያሉት ይስቁብናል። ውሸታችን ከታወቀ ደግሞ እውነታችንንም አያምኑንም። ያጠፋው ሰው ነው፣ ሰውየዋም እዚህ አለች።»

«የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግድ ይሆንብኛል። ደንብ ነው። በፋይልዎ ውስጥ አንዲት ነቁጥ የለችም እኮ።»

«ይጻፋ። የሚጽፈውስ ማነው? እኔው ነኝ።»

እውነትም እሷው ጻፈችው። ዓይኔ እያየ፣ ወንበሯን አስተካክላ ተቀምጣ፣ መጀመሪያ ማረሚያውን ጻፈች፣ ቀጥላ የራሷን ማስጠንቀቂያ ጻፈች። ኃላፊው በእጁ ባዘጋጀው ላይ «ጥንቃቄ የጎደለው» የሚለውን «ጥንቃቄ የደለው» ብሎት ነበር። አክስቴ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰችና «እዚህ ጋ "ጎ" ጎድላለች፣ ልጨምራት ወይ?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲት ፊደል እንኳን ሳትጠይቅ አልነካችም። እሱም ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ማረሚያው ላይ የተያያዘውን መግለጫ ማንም ጻፊ አላላትም፣ ከራሷ ነው ያወጣችው። እንዲህ ይላል፦ «ረቂቁ "እንዳሉ ይቀራሉ" ይላል። ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ የለም። ያሳመርኩ መስሎኝ ነበር።» ከሥሩ ሙሉ ስሟ ከነአያቷ፣ ፊርማዋ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ስም ከሥሩ ስትጽፍ ኖራ፣ በራሷ ስም የወጣላት የመጀመሪያው የመንግሥት ወረቀት ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ወርክሾፑ ገባች። አባቴ እንጨት እየላገ ነበር። በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ነገረችው፤ ድምፅዋን ዝቅ እንኳን አላደረገችም። አባቴ መላጊያውን አስቀመጠ።

«ረግመኸኛል» አለችው። «እርግማንህን አንሳልኝ፣ ገና አምስት ወር የምጽፍበት እጅ ነው።»

«አንስቻለሁ እትዬ። አንስቻለሁ» አለ አባቴ፣ በዚያ የልጅ ድምፁ። ከእናትና ልጁ ሠራተኞች እናትየዋ መጥታ አክስቴን ጉንጯን ሳመቻት።

ወረቀቱ በመደበኛው መንገድ ድንበር እስኪደርስ ሦስት ቀን ይፈጃል ስለተባለ አክስቴ ዋናውን ይዛ ለመሄድ አስፈቀደች። ማክሰኞ ጠዋት በአባቴ መኪና ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ መኪናዎቹ ከስልሳ በልጠዋል። ሹፌሮቹ በየጥላው ተቀምጠዋል፣ ጺማቸው አድጓል፣ ቀልዳቸው አልቋል።

ተቆጣጣሪው ማረሚያውን ተቀበለ። ሹፌሮቹ ከበቡት፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ አሉት። አንቀጽ ዘጠኝ «እንዳሉ ይቀራሉ» ተብሎ ይነበብ የሚለው ላይ ሲደርስ ጉርምርምታ ተነሳ። እሱ ግን ማንበቡን አላቆመም፣ ገጹን ገለጠና መግለጫውን ቀጠለ። «ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ» ካለ በኋላ ድምፁ ዝቅ አለ። እስከ ስሟ አነበበውና ዙሪያውን አየ።

«ጸሐፊዋ ማን ናት?»

በሆዴ «አሁንስ ዝም በይ፣ ወረቀቱ በቂ ነው» እያልኩ ነበር። አክስቴ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ነኝ» አለች።

ያ ግዙፍ ሹፌር፣ ስለ ደረሰኙ ጥራዝ የተከራከረው፣ ሰው እየገፋ መጣና ፊት ለፊቷ ቆመ። አክስቴ ደረቱ ድረስ ብትደርስ ነው።

«ሰባት ቀን መኪና ውስጥ ያስተኙን እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሹፌሩ ጺሙን እያሻሸ ቁልቁል አያት። «ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ በር ተመላልሻለሁ» አለ። «በዚያ መስኮት "እኛ አይደለንም" ሲሉኝ ነው የኖርኩት። "ከላይ ነው" ይሉኛል፣ "ማሽኑ ነው" ይሉኛል። እኔ ነኝ ያለኝ የቢሮ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።» ኮፍያውን አወለቀና በሁለት እጁ ጨበጣት።

ተቆጣጣሪው ማኅተሙን መምታት ጀመረ። ሞተሮች ተነሱ፣ የመጀመሪያው መኪና ተንቀሳቀሰ። ከኋላ ያልሰማ አንድ ሰው «ማን ናት ሴትዮዋ?» ብሎ ጠየቀ። እኔን አልነበረም የጠየቀው። ከሁለት ቀን በፊት ዝም በይ ያልኳት እኔ፣ የመኪናው መወጣጫ ላይ ወጥቼ፣ ስልሳ ሞተር እያጓራ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ አድርጌ መለስኩለት።

«አክስቴ ናት» አልኩ።